በደረሰኝ ጀርባ ላይ ያስተማርሽው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። የጸሐፊዋን ስምና የምትሠራበትን ቤት አስቀርቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 25 ነው። በ2015 ዓ.ም በኬሚስትሪ በዲግሪ ተመረቅሁ። የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር አልፌያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ መምህር መሆን ነበር ሐሳቤ። ግን የተማርሁት አፕላይድ ነው፤ የመምህርነት ትምህርት አይደለም። ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠው የመምህርነት ዲፕሎማ፣ ፒጂዲቲ፣ የለኝም። እስካሁን ዘጠኝ ቦታ አመልክቻለሁ። ሁለት ጊዜ ለፈተና ተጠራሁ። አንዱ ላይ ሁለት ሰው ሲፈለግ አራተኛ ወጣሁ። ሌላው ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ‹ሰው አለሽ?› አለኝ። የለኝም አልሁት። ስሜ አልወጣም።

አሁን አንድ ሆቴል ውስጥ ካሸር ነኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት እሠራለሁ። የማርፈው በወር ሁለት ቀን ነው። ሥራው አይከብድም፤ ግን ባዶ ያደርገኛል። ማታ ቤቴ ስገባ የተማርሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ እየወጣ ይመስለኛል። ቤተሰቦቼ ማቻክል ነው ያሉት። አባቴ ለትምህርቴ ብሎ በሬ ሸጧል። በደወልሁ ቁጥር እናቴ ‹መቼ ነው የምታስተምሪው?› ትለኛለች። ሰሞኑን መደወል ተውሁ።

አንዳንድ ቀን የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባንኮኒው አጠገብ ይቀመጣል። ባለፈው አሲድና ቤዝ አልገባኝም አለኝ። በከርከዴ ሻይ አሳየሁት። ሎሚ ስጨምርበት ደመቀ፤ ቤኪንግ ሶዳ ስጨምርበት ወደ ሰማያዊ ተቀየረ። ልጁ ጮኸ! አስተናጋጆቹ ሁሉ ሊያዩ መጡ። የቀረውን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ አስረዳሁት። ይቅርታ፣ ይኼ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ሆቴሉን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ሥራ ፍለጋ ላይ ላውል? አዲስ አበባ ልሂድ? ወይስ ማስተማሩን ልርሳው?»

ልጄ፣

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ያነበብኩት ማታ ነው። ጠዋት ተነስቼ ደገምኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ያልሽው ቦታ ላይ ቆምኩ። ጉዳዩ እኮ እሱ ነው።

እስቲ ራስሽ መልሰሽ አንብቢው። ስለ ማመልከቻው ስትጽፊ ድካም አለው። ስለ ሆቴሉ ስትጽፊ ይደርቃል። ከርከዴው ጋ ስትደርሺ ግን ነፍስ ይዘራል። «ልጁ ጮኸ» ብለሽ ቃለ አጋኖ አደረግሽበት። በሙሉው ደብዳቤ ውስጥ ያለው ቃለ አጋኖ ያ ብቻ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ማስተማሩን አትርሺው። የምትረሺውም አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስትቀበይ ኖረሽ፣ አንድ ልጅ «አልገባኝም» ሲልሽ ሎሚና ሶዳ ፍለጋ ወጥ ቤት ገብተሻል። ይኼን ማንም አላዘዘሽም። ደመወዝም አልተከፈለሽም።

አንድ የምፈራልሽ ነገር ግን አለ። አንቺ መምህርነት የሚጀምረው የቅጥር ደብዳቤ የወጣ ቀን ነው ብለሽ ይዘሻል። ደብዳቤው እስኪመጣ ቁጭ ብለሽ እየጠበቅሽ ነው። እሱ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባዶ የሚያደርግሽ የሆቴሉ ገንዘብ መያዣ ብቻ አይመስለኝም። የምትችይውን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ አለመሥራትሽ ነው። ሙያ ካልሠሩበት ይደርቃል። ሰውየውንም ይዞት ይደርቃል።

የራሳችንን አገር ተመልከቺ። ዲማን አስቢ፣ ጎንጅን አስቢ፣ ዋሸራን አስቢ። ቅኔ ቤት ውስጥ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል። ራሱ ገና አልተመረቀም። ቀን ኮሮጆውን ይዞ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል። ማታ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ከሱ በታች ላለው ያስረዳል። «የቅጥር ደብዳቤህን አሳየኝ» የሚለው የለም። የኔታ ተብሎ ወንበር ሲዘረጋለት ያስተማረበት ጊዜ ከኋላው ብዙ ዓመት ነው። ጎጃም ያን ሁሉ ሊቅ ያፈራው እንደዚያ እያደረገ ነው። አንቺም የዚያ አገር ልጅ ነሽ።

ይኼን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ከሥራ ወጥቼ ነበር። ገጠር ሦስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ለቀቅኩ። ልጄ እግር ሲያወጣ ልመለስ ብዬ ዳግም ቅጥር ጠየቅኩ። ሁለት ዓመት ፈጀ። ፋይልሽ ጠፍቷል ተባልኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ተገኝቷል፣ ግን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሞጣ ላይ የዘመድ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ላምባ እሸጥ ነበር። ላምባው እጅ ላይ ይቀራል፤ በሳሙናም አይለቅም። ማታ ልጄን ሳቅፍ እንኳ ይሸተኝ ነበር። ካስተማርኩባቸው ልጆች አንዷ ሱቅ መጥታ «ቲቸር» ብላ ስትጠራኝ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። አፈርኩ። የማፍርበት ምንም ነገር አልነበረም፤ ግን አፈርኩ። አንቺም ለእናትሽ መደወል ማቆምሽን ሳነብ ያቺ መደርደሪያ ትዝ አለችኝ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የጎረቤት ልጆች ዝናብ ሲያባርራቸው ሱቋ በረንዳ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ማካፈል አስተማርኳቸው። አራት ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ሆኑ። የአንዷ እናት ሄደው ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነገሩት። በጥቅምት አንዲት መምህርት ለወሊድ ወጣች፤ በሷ ቦታ ለሦስት ወር በኮንትራት ገባሁ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ አላስወጡኝም። የጠፋው ፋይሌም ያኔ ተገኘ።

ያንቺም እንደዚህ ያልቃል አልልሽም። ጊዜው ሌላ ነው። እንዲያውም ስለ ጊዜው ግልጽ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ዘጠኝ ቦታ አመልክተሽ አለመቀጠርሽን የራስሽ ጉድለት አድርገሽ የወሰድሽው ይመስለኛል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበትን አንቺም ታውቂዋለሽ። በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የተዘጋ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር አይቀጥርም። ከገጠር የተፈናቀለ መምህርም ከተማ ገብቶ ቦታ ይጠብቃል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በጎጃም ሥራ ሲፈልግ የነበረ ወጣት ሁሉ የሚያንኳኳው ጠባብ በር ነው። በዚህ በር ላይ፣ ያውም ያለ ፒጂዲቲ፣ አራተኛ ወጥተሻል። ይኼ የወደቀ ሰው ውጤት አይደለም። ለመሆኑ ተጠባባቂ ተብለሽ ተይዘሽ ከሆነ ጠይቀሻል? ካልጠየቅሽ ሂጂና ጠይቂ። የተጠባባቂን ስልክ ማንም ደውሎ የማያስታውስበት ጊዜ አለ።

«ሰው አለሽ?» ስላለሽ ሠራተኛ ሳነብ ደሜ ፈላ። ይኼን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የሚበድለው አንቺን ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ የሚቀመጡትን ልጆችም ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር ያዢልኝ። ማንም «ትንሽ ብር ካለሽ ይስተካከላል» ቢልሽ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጪ። የአባትሽ በሬ ለትምህርት ነው የተሸጠው። ሁለተኛ፣ ወደፊት ተወዳድረሽ ስምሽ ካልወጣ ዝም ብለሽ አትመለሺ። ነጥቤን አሳዩኝ በይ። ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ቅሬታሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ ቀኑን ጽፈሽ አንድ ቅጂ ያዢ። ላይመልሱልሽ ይችላሉ። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስምሽን ሲያዩ ይጠነቀቃሉ።

አሁን ወደ ሆቴሉ እንምጣ። አትልቀቂ። በዚህ ኑሮ ውድነት ገቢ ሳይኖር ሥራ መፈለግ ሰውን ያሳብዳል። የቤት ኪራይ ያሳሰበው ሰው ፈተና ላይ ተቀምጦ ማሰብ አይችልም። አዲስ አበባ መሄዱንም ለጊዜው ተይው። እዚያም ያው ፒጂዲቲ ይጠየቃል፤ ኪራዩ ደግሞ ያንቺን ደመወዝ ሁለት ጊዜ ይውጣል። ዘመድ ቤት ማረፍም ሳምንት እንጂ ወር አይቻልም።

ሆቴሉን ባትለቂም የሥራ ሰዓትሽ ግን መቀየር አለበት። በቀን 12 ሰዓት፣ በወር ሁለት ቀን ዕረፍት አልሽኝ። ይኼ በሕግ ልክ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ነው። በየሳምንቱም ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ይገባሻል። አዋጁን ጠረጴዛ ላይ በመዘርጋት ግን አትጀምሪ። መጀመሪያ በሰው ወግ ጠይቂ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብያው በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ግቢ። «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሒሳቤ ጎድሎ አያውቅም። እሁድ ሙሉ ቀን፣ ሌላ አንድ ቀን ደግሞ ከ9 ሰዓት በኋላ ይልቀቁኝ። ከሌላዋ ካሸር ጋር ተነጋግሬ ፈረቃውን እናስተካክላለን» በይ። ከልጅቷ ጋር ቀድመሽ ተስማሚ። ሒሳቧ የማይጎድል ካሸር ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ሰውየው ያውቃል። እምቢ ካለ ያኔ ሕጉን ታነሺለታለሽ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ።

ከሆቴሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ጠይቂ። አሁን፣ እየሠራሽ ሳለ። ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው። «የሆቴል ልምድ ለማስተማር ምን ይረባኛል?» ትይ ይሆናል። ሁለት ዓመት የሰው ገንዘብ ይዘሽ ሳይጎድልብሽ መቆየትሽን የሚናገር ወረቀት የትም ይረባል። የምትለቂበት ቀን ሲመጣም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፈሽ ስጪ። አስኮርፈሽ አትውጪ፤ ደብረ ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት።

የእሁዷ ቀን ከተገኘች ማስጠናት ጀምሪ። ይኼ ነው ዋናው ነገር።

ፈላጊ አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ደረሰ ተብሎ እፎይ ተባለ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት ያህሉ ወድቆ ነው እፎይ የተባለው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ስንት ልጅ ወራት ሙሉ ክፍል ሳይገባ ከርሟል። የአንድ ዓመት ትምህርት ዘሎት ሌላ ክፍል የገባ አለ። እናቶቹ የሚሆኑትን አጥተዋል። ሳይንስ የምታስረዳ፣ የማትጮህ፣ በሰዓቷ የምትገኝ ልጅ ከተገኘች በሁለት ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ቤት ለቤት ግን አትዙሪ። ብቻሽን የማታውቂው ሰው ቤት ገብተሽ ማስጠናት ለሴት ልጅ ደግ አይደለም፤ ሰዓቱም ይመሻል። አራት አምስት ልጅ አንድ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያይሽ ቦታ ይሁን። የምትከራይበት ግቢ ውስጥ ባለቤቷን አስፈቅጂ። የእሷን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በነፃ ካስጠናሽላት አትከለክልሽም። ክፍያውን ከወላጆች ጋር ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሪ፤ ወር ሲሞላ ማፈር እንዳይመጣ። የወጥ ቤቷን ሠራተኛ ልጅ ግን አታስከፍዪው። የመጀመሪያ ተማሪሽ እሱ ነው።

ደብተር ግዢ። ያስተማርሽውን፣ ቀኑን፣ የልጆቹን ብዛት፣ የቱ ላይ እንደተቸገሩ ጻፊበት። ነገ አንድ ዳይሬክተር «የማስተማር ልምድ አለሽ?» ሲልሽ ይኼን ደብተር ከቦርሳሽ አውጥተሽ ታስቀምጪለታለሽ። እኔ ዳይሬክተር ብሆን ከወረቀት ማኅተም ይልቅ እሱን ነው ቁጭ ብዬ የማነበው።

ቀጥሎ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ያመለከትሽባቸው ዘጠኙ ቦታዎች ሁሉም የመንግሥት ይመስሉኛል። የግል ትምህርት ቤት ቅጥር በብዛት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ግን ዓመቱ ከተጀመረ በኋላም ቦታ ይከፈታል። መስከረምና ጥቅምት ላይ መንግሥት የቀጠራቸው መምህራን የግሉን ትምህርት ቤት ጥለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅም እንደዚሁ። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ጭንቅ ውስጥ ነው፤ ማስታወቂያ ለመለጠፍ እንኳ ጊዜ የለውም። ማኅደርሽን ይዘሽ በአካል ሂጂ። ለጥበቃው ሰጥተሽ አትመለሺ። «ርዕሰ መምህሩን ለአምስት ደቂቃ ላነጋግር» በይ።

አንድ ነገር ልብ በይ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ለየብቻ አይሰጡም። አጠቃላይ ሳይንስ ተብለው አንድ ሆነዋል። «የኬሚስትሪ መምህር ትፈልጋላችሁ?» ብለሽ ከጠየቅሽ «አንፈልግም» ይሉሻል። «አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ» ካልሽ ግን ሊያስገቡሽ ይችላሉ። ስለዚህ የሁለቱን ክፍሎች መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። የባዮሎጂውንና የፊዚክሱን ምዕራፍ በተለይ። ኬሚስቶች እዚያ ጋ ስትደርሱ ትፈራላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ካስገቡሽ ዴሞ ያሠሩሻል፤ ለሙከራ አንድ ትምህርት ክፍል ገብተሽ እያዩሽ ታስተምሪያለሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ብዙ ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዴሞ ስመለከት ኖሬያለሁ።

የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ማወቁን ለማሳየት የሚመጣው ነው። ሰሌዳውን በፎርሙላ ይሞላዋል፤ ለሰሌዳው ያወራል። ልጆቹ ጀርባውን ያያሉ። ከኋላ የተቀመጠው ዳይሬክተር ግን የሚያየው ልጆቹን ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ ምን እያደረገ ነው? መስኮት ዳር ያለችው ተከታትላለች? እሱን ነው የሚጽፈው።

አንቺ ከርከዴሽን ይዘሽ ግቢ። የምሬን ነው። ሦስት የሻይ ብርጭቆ፣ አንድ ፔርሙዝ የፈላ ከርከዴ፣ አንድ ሎሚ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቤኪንግ ሶዳ። ምንም ሳትናገሪ ሦስቱንም ቅጂ። አንዱን እንዳለ ተይው። አንዱ ላይ ሎሚ ጭመቂ። ከዚያ ሶዳውን አንድ ልጅ አስነስተሽ በሱ እጅ አስጨምሪ። ቀለሙ ሲቀየር ክፍሉ ይጮኻል። ዝም በሉ አትበዪ፤ ይጩኹ። ጩኸቱ ሲበርድ «ምን አያችሁ?» በይ። «አሲድ» የሚለውን ቃል ገና አትናገሪ። መጀመሪያ እነሱ በራሳቸው ቃል ይናገሩ። ከዚያ በሶዳ የተቀየረው ላይ ቀስ እያልሽ ሎሚ መልሰሽ ጨምሪበት። አረፋ ይነሳል፤ ቀለሙም ወደ ቀይ ይመለሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም፣ አሲድና ቤዝ እርስ በርስ የሚጠፋፉበትን ኒውትራላይዜሽኑንም ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ። ዐይናቸው እያየው ስለሆነ አይረሱትም።

የገጠር ልጆች ካሉበት ደግሞ አመድ በጥብጠሽ ያጠለልሽውን ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ያዢ። እሱም ቤዝ ነው። አያቶቻቸው ልብስ ሲያጥቡበት ያዩት ነገር ክፍል ውስጥ መጥቶ ስም ሲያገኝ ፊታቸውን እዪው።

ሌላው ጥቃቅኑ ነገር ነው። ጥቁር ሰሌዳ ከሆነ ጠመኔውን ሰብረሽ ያዢ፤ ሙሉው ይንጫረራል። ስትጽፊ በጎን ቁሚ፣ ግማሽ ፊትሽ ወደ ተማሪው ይሁን። ድምፅሽን ለኋለኛው ወንበር አድርጊ። የሆቴል ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ባንኮኒ ላይ ለምደሽዋል፤ ክፍል ውስጥ አይሰማም። እሁድ ከልጆቹ ጋር ተለማመጂው። ጥያቄ ጠይቀሽ መልስ እስኪመጣ ድረስ ዝም ማለት ልመጂ። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። እኔ ይኼን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የግል ትምህርት ቤቱ ደመወዝ ከሆቴሉ ሊያንስ ይችላል። ይኼን ከአሁኑ እወቂው። ጉርሻም የለም። አንዳንዶቹ ደግሞ በክረምት አይከፍሉም። ከመፈረምሽ በፊት ውሉን አንብቢ፤ «ሐምሌና ነሐሴ ይከፈላል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። የሙከራ ጊዜ በሕግ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ዓመቱን ሙሉ በሙከራ ነሽ» የሚልሽ ካለ ተጠንቀቂ። እኔ ብሆን ልዩነቱ በማስጠናት ገቢ የሚሞላ ከሆነ እሄዳለሁ። የማይሞላ ከሆነ እስከሚቀጥለው ዓመት ሆቴሉ ውስጥ ሆኜ እሁድ እሁድ አስተምራለሁ። ሁለቱም የሚያሳፍር አይደለም። ደብተርሽን አይተሽ፣ ኪስሽን ቆጥረሽ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ፒጂዲቲውን ግን አትተዪው። የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የምትፈልጊ ከሆነ አፕላይድ ለተማረ ሰው መንገዱ እሱ ነው። ትምህርቱን አውቀሽዋል፤ እንዴት እንደሚያስተምሩት የሚሰጥሽ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከሆቴልሽ ሩቅ አይደለም። አንድ ከሰዓት አስፈቅጂና ሬጅስትራር ሄደሽ በአካል ጠይቂ። ምዝገባው መቼ ነው? በክረምት ይሰጣል? ክፍያው ስንት ነው? ማስረጃው ቴምፖ (ጊዜያዊው የምረቃ ወረቀት) ይበቃል ወይስ ኦሪጅናል ይጠይቃሉ? ባሕር ዳርና እንጅባራም ያለ ሰው በስልክ አስጠይቂ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሳይታይ የሚያልፍ ነገር ብዙ ነው። ከማስጠናቱ የምታገኚውን ብር ለብቻ አስቀምጪ፤ የሱ ክፍያ ነው።

አሁን ስለ እናትሽ።

ዛሬውኑ ደውዪላቸው። «መቼ ነው የምታስተምሪው?» ሲሉሽ የምትሰሚው ወቀሳ ነው። እኔ ግን እናት ነኝ፤ ጥያቄውን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። እናትሽ ስለ ካሸርነት የሚያውቁት ነገር የለም። ስለ ፒጂዲቲም አያውቁም። ስለ ልጃቸው የሚያውቁት ትልቅ ነገር ማስተማር እንደምትፈልግ ነው። ስለዚህ ሲደወልላቸው እሱን ያነሳሉ። ለልጅ ሌላ ምን ይጠየቃል? ስለ አዝመራው አንቺ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ ስለ ትምህርቱ እሳቸው ይጠይቁሻል።

እውነቱን ንገሪያቸው። የት እንደምትሠሪ፣ ስንት ቦታ እንዳመለከትሽ፣ አራተኛ መውጣትሽን። አባትሽም ይስሙት። በሬ ሸጦ ያስተማረ ገበሬ ዘር ተዘርቶ እስኪበቅል ስንት ወር እንደሚፈጅ ከኔና ካንቺ በላይ ያውቃል። በረዶ የመታው ማሳም አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግም ያውቃል። የሚያስደነግጣቸው የልጃቸው ዝምታ ነው። ስልክሽ ሲጠፋ አገሩ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ምን ምን እንደሚያስቡ ገምቺ።

ከዚያ የከርከዴውን ነገር አውሪላቸው። እናትሽ መጀመሪያ ይስቁ ይሆናል። ግን ማታ ለጎረቤት ሲያወሩት ልጄ አስተማረች ብለው ነው የሚያወሩት።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ እንዳልረሳ። ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው? አልጻፍሽልኝም። 7ኛ ወይም 8ኛ ከሆነ የአጠቃላይ ሳይንስ መጽሐፉን ቅዳሜ ማታ ባንኮኒው ላይ ይተውልሽ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ትመልሽለታለሽ።